የሻሺቱ ሦስት ዘበኞች

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ሰው በመናቅ የሚወዳደር ቢኖር ሻሺቱን የሚያሸንፍ አይገኝም። ንቀቷ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ከጀርባ የሚወራ ሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊት፣ ዓይን ዓይን እያየች ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ነው። አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ፤ እሷ ግን እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና የሁሉንም ደብዳቤ ስትመታ ኖራ ጡረታ ወጣች። ስለዚህ ዲግሪ አያስደነግጣት፣ ክራቫት አያስደነግጣት። በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ የሚጽፍ ሰው ካየች ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ «ይኸው ዶሮ ጥሬ እየለቀመ ነው» ብላ ከንፈሯን ታጣምማለች።

ከዚህ ሁሉ ንቀት ያመለጠ አንድ ሰው ቢኖር ባሏ ታምሩ ነበር። እሱም ቢሆን በቀላሉ አላመለጠም።

ታምሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ለጋስ፣ ጨዋታ አዋቂ። አንድ የዮ ማስቃላ ቀን፣ ማለትም ጋሞ ዓመቱን ሙሉ በሚጠብቀው የመስቀል በዓል፣ ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ጢም ብሎ ሳለ ከሻሺቱ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ አወራ። ልጃቸው ምኞት በስልኳ ቀዳችው። ወሬው እንዲህ ነው፦ ታምሩ ካምባ ገበያ አጠገብ መኪናውን ጭቃ ይይዝበታል። ሲገፋ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ ውሎ ሰው መምሰሉ ቀርቷል። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለመስክ ሥራ የመጣች አንዲት ታይፒስት ቆማለች። ውሃ እንድታጠጣው ይለምናታል። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ አየችውና «አንተ ጭቃ፣ መጀመሪያ ታጥበህ ና» አለችው። ታጥቦ መጣ፤ አገባት። እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ በሳቁ መሀል የሻሺቱ ድምፅ «ዝም በል፣ አንተ ጭቃ!» ሲል ይሰማል።

ያ ስልክ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ታምሩም ታሞ ሞተ። የቀረው ድምፁ፣ ምኞት ሥራ ስትይዝ ለእናትና አባቷ በገዛችላቸው ኮምፒውተር ውስጥ የተገለበጠው ብቻ ነው። ሻሺቱ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ያለበሰችውን ዳንቴል ታነሳለች፣ በሩን ትቀረቅራለች፣ ያንን ድምፅ ከፍታ ትሰማለች። ታለቅሳለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ዳንቴሉን ትመልሳለች። ይህን ለማንም፣ ለምኞትም ጭምር፣ ተናግራ አታውቅም። ለኮምፒውተር የምታለቅስ ሴት ብታይ እሷ ራሷ ምን ብላ እንደምትስቅባት ታውቀዋለቻ!

እንግዲህ ኮምፒውተሩ በታምሩ ዘመን የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ነበር። መዝሙር የሚያስጭን፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያስገለብጥ፣ ለልጁ የሥራ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ሁሉም ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ታምሩ እምቢ ማለት አያውቅም፤ «ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲመጣ ይከለከላል እንዴ?» ይል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም ሻሺቱ ለእሱ ስትል በሩን አልዘጋችም። ግን የገባውን ሁሉ እየናቀች ነው። ይሄኛው የሚሰማው ዘፈን ዘፈን አይደለም፤ የዚያችኛዋ ልጅ የሠርግ ልብስ መጋረጃ ነው።

ከሁሉ የምትንቀው ኦይታን ነው። ኦይታ ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ ነው፤ ሥራው የሙዝ ድለላ። ቀኑን ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ እርሻዎች ሲዞር ይውላል፣ አይሱዙ ያስጭናል፣ ለሾፌሮቹ ደግሞ መንገድ ላይ የሚሰሙትን ዘፈን በፍላሹ እየገለበጠ ይሰጣል። ፍላሹ ከቁልፎቹ ጋር ታስሮ ኪሱ ውስጥ ከአፈርና ከሙዝ ሙጫ ጋር ይኖራል። ከምዕራብ ዓባያ እስከ አዲስ አበባ ያልተሰካበት መኪና፣ ያልገባበት ሙዚቃ ቤት የለም። ሻሺቱ በሁለት ጣቷ ጫፍ እንደ ሞተ አይጥ እያንጠለጠለች ነበር የምትሰካለት።

ታዲያ አንድ ቀን ኦይታ መጥቶ ዘፈኑን ጭኖ ሄደ። በማግስቱ ሻሺቱ ኮምፒውተሩን ስትከፍት የታምሩ ፎልደር ላይ ትንሽ ቀስት በቅላበታለች። የሌሎቹም ላይ እንዲሁ። ያልጠራችው መስኮት ይከፈታል፤ ዝጋ ስትለው ሁለት ሆኖ ይመጣል። ቀስቱን ስትነካው ግን ተከፈተላት፤ የታምሩ ድምፅ አለ። «እፎይ፣ እመቤቴ!» አለችና ቀጥታ ወደ በሩ ወጣች።

«ኦይታ! አንተ ኦይታ!»

ኦይታ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ መጣ። «አቤት እትዬ ሻሺቱ?»

«ያ ፍላሽህ ያልገባበት ጉድጓድ አለ? ንገረኝ እስቲ! እንኳን ቫይረስ እከክ ቢያመጣ አይደንቀኝም!»

«ኧረ እኔ ምን አደረግኩ? ኮምፒውተሯ ታመመ እንዴ?»

«እንኳን ኮምፒውተር አማርኛውም ባንተ አፍ ታሟል! ከዛሬ ጀምሮ አንተም ፍላሽህም በዚህ በር ብታልፉ ሻሺቱን ውሻ በሏት!»

ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሰማ። ኦይታ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ገባ። የሚሰዳደብ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሻሺቱ ኮምፒውተሩን የሚጠብቅላት አንቲቫይረስ ልትመርጥ ተነሳች። መምረጥ ካላችሁት ነው እንግዲህ፤ ሰውን ሁሉ እየናቁ ምክር መጠየቅ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

መጀመሪያ የሄደችው ባጃጅ ተራው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ዓለሙ ዘንድ ነው። ፀጉሩ ተቆልሎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ጫት ሳይሆን ማስቲካ እያመነዠከ። «ማዘር፣ አትጨነቂ» አላት። ማዘር! እሱን ብትወልደው ኖሮ በዚያው ቀን ትመንን ነበር። «ይሄ ቀይ ጋሻ ያለው ፉል ነው። ክራክ የተደረገ ነው፤ ዕድሜ ልክ ይሠራል።»

«ክራክ ማለት የተሰረቀ ማለት አይደለም?»

«ኧረ ማዘር፣ ክራክ ነው!»

«ስለዚህ ከሌባ የሚጠብቀኝን ከሌባ ልወስድ ነው?»

ዓለሙ ሳቀ። የተሰደበ አልመሰለውም። እንዲህ ያለውን ደግሞ መስደብ ራሱ ድካም ነው። ያም ሆኖ ጫነላት።

ቀጥሎ የወንድሟ ልጅ ዳግም መጣ። ዳግም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ባጁን እሑድም ከአንገቱ አያወልቅም። የዓለሙን ቀይ ጋሻ ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «አክስቴ፣ ይሄ ቆሻሻ ነው። ላይሰንስ ያለው ነው የሚያስፈልግሽ። እኛ መሥሪያ ቤት የምንጠቀመው ይሄ ሰማያዊው ነው፤ ለጊዜው የሙከራውን ልጫንልሽ።»

«የእናንተ መሥሪያ ቤት? ሄድኩ ቁጥር ‹ሲስተም የለም› የሚሉኝ እዚያው አይደለም እንዴ?»

«እሱ የኔትወርክ ችግር ነው አክስቴ።»

«እናንተ ዘንድ ጥፋት ዘመድ የለውም» አለችው። ጫነላት፤ ምሳውን በላ፤ ባጁን አስተካክሎ ሄደ።

ሦስተኛው ጡረተኛው መምህር አቶ ተክለጻድቅ ናቸው፤ የልደታ ማኅበር አባል፣ ደግ ሰው፣ በአንድ ጣት ጻፊ። «ወይዘሮ ሻሺቱ» አሏት፣ «በነጻ ከኢንተርኔት የሚወርድ አረንጓዴ አለ፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። አንዱ ይበቃል፤ ሁለቱን አጥፊያቸው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የምትወጂውን ነገር ሌላ ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለም?»

ከሦስቱ ምክር ጤነኛው ይህ ነበር። ሻሺቱ ግን ጣታቸውን ነበር የምታየው፤ ያቺ አንዲት ጣት በፊደሎቹ ላይ ስታንዣብብ፣ ስታመነታ፣ ተሳስታ ስታርፍ። ከዚህች ጣት ምን ቁም ነገር ሊወጣ? «በነጻ የሚጠብቅ ዘበኛ የሚጠብቀው እንቅልፉን ነው» ብላ በሆዷ ሳቀች። ስለ ባላው የተባለው በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ታዲያ የትኛውን መረጠች? ሦስቱንም!

አትሳቁ። የሠራችበት መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤቱ በር ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ ሦስት ሰው ካልተገኘ አይከፈትም። ለምን ቢባል አንዱም አይታመንም። ሦስት የማይታመኑ ሰዎች ግን እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ መንግሥት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሻሺቱም የምታውቀው ጥበቃ ይኸው ነው። የሌባውን ቀይ፣ የባለባጁን ሰማያዊ፣ የዶሮውን አረንጓዴ ጎን ለጎን አቆመችና «ሦስታችሁንም ንቄያችኋለሁ፤ በሉ ተጠባበቁ» አለች።

ተጠባበቁ እንጂ! ቀዩ አረንጓዴውን ቫይረስ ነው ብሎ ጮኸ። ሰማያዊው ቀዩን የተሰረቀ ነው ብሎ ሊያስር ተነሳ፤ እውነቱን ነው። አረንጓዴው ሁለቱንም ይፈትሻል፣ ፈትሾ ሳይጨርስ እንደገና ይጀምራል። ኮምፒውተሩን አብርታ፣ ልብስ አጥባ፣ አስጥታ ስትመለስ ገና እየተነሳ ነው። አንድ እሑድ የታምሩን ድምፅ ልትከፍት ስትል እዚያው ደርቆ ቀረ። ብታጠፋው፣ ብታበራው፣ ወይ ፍንክች! ዘበኞቹ በር ላይ ተናንቀው የቤቱ እመቤት ቤቷ መግባት አቃታት።

በነጠላ ጠቅልላ፣ በባጃጅ ጭና፣ እንደ ታመመ ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ዓለሙ ወሰደችው።

ዓለሙ ማስቲካውን እያላመጠ ከፈተው፣ አየው፣ ፏጨ። «ሦስት አንቲቫይረስ! ማዘር፣ አንቺ ደግሞ!» ከዚያ ጠየቃት፤ መጠየቁንስ ጠይቋል። «ውስጡ የሚፈለግ ፋይል አለ?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አለ፤ የባሌ ድምፅ አለ። ግን ለማን ነው የምትናገረው? ለዚህ ማስቲካ አኛኪ? ነገ ባጃጅ ተራው ላይ ቆሞ «ማዘር የሟች ባሏን ወሬ እየሰማች ታለቅሳለች» እንዲል? ከንፈሯ አልፈቀደላትም።

«አንተን አይመለከትህም» አለችው። «አስተካክለው ብቻ።»

«እሺ ማዘር። ነገ ነይ።»

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ተወልውሎ ጠበቃት። «ፎርማት አድርጌዋለሁ፤ እንደ አዲስ ነው! አሁን አንድም ቫይረስ የለበትም። ቀዩን ብቻ ነው የጫንኩልሽ።»

ፎርማት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባት ቤት ገብታ ስትከፍተው ነው። በእርግጥም አንድም ቫይረስ የለበትም። ታምሩም የለበትም። ፈለገች፤ ደግማ ፈለገች፤ ባዶ ሰማያዊ ሜዳ ብቻ ነው። ዓለሙን ልትራገም አፏን ከፈተችና የጠየቃት ጥያቄ ትዝ አላት። «የሚፈለግ ፋይል አለ?» ብሎ ነበር። የተክለጻድቅም ባላ ትዝ አላት። የሚሰደብ ሰው ፈልጋ አጣች፤ ይህ በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም። ያን ዕለት ታምሩ ሁለተኛ ሞተባት፤ ለመጀመሪያው ሰው አብሯት አልቅሷል፣ ለዚህኛው ግን ለቅሶ የሚቀመጥላት አልነበረም፤ ለማንም አልነገረችማ።

ለምኞት ስልክ ብትደውልም ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው አውርታ ዘጋች። እሑድ ሲመጣ ዳንቴሉን አላነሳችም።

ዮ ማስቃላ ቀረበ። በጋሞ ደንብ ቂም ይዞ መስቀል አይገባም። የተጣላ ሳይታረቅ በዓሉን ቢበላ ለቤቱም፣ ለከብቱም፣ ለሰፈሩም ደግ አይደለም ይባላል። ስለዚህ በዋዜማው ጠዋት የሻሺቱ በር ተንኳኳ። ስትከፍት ሽማግሌው አቶ ዳልጮ ሌላ አንድ ሽማግሌ አስከትለው እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተንበርክከዋል። ከኋላቸው ኦይታ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ግን እግሩ ያው የኩልፎ ጭቃ እንደተለጠፈበት፣ አቀርቅሮ ቆሟል።

ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ነገር አበቃ። ጦር የሰበቀ ሰው እንኳ ጦሩን ያወርዳል፤ ሣሩን ረግጦ ማን ያልፋል? ሻሺቱ ግን አፏን መያዝ አልቻለችም። «ለፍላሽ ሽማግሌ! ጉድ በል ሲቀላ!»

«ልጄ፣ ፍላሽ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ዳልጮ። «የሚበላ ነው?»

ኦይታ ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ይቺ ናት ጎረቤት ከጎረቤት የለየችው?» ብለው በጣም ተገረሙ። ከሌላው ሽማግሌ ጋር በጋሞኛ ተነጋገሩ። «እንግዲህ ጠቡ የገባው በዚህች ከሆነ ዕርቁም በዚህች ይግባ። እንደ ድሮው ራስሽ ተቀብለሽ፣ በእጅሽ አስገቢለት።»

ሻሺቱ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ቫይረስ የሚበላው ምን ቀርቶ? «ተነሱልኝ አባቴ፤ ግቡ» አለች። ዳንቴሉን ገፋ አድርጋ ኮምፒውተሩን አበራች፤ ፍላሹን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ሰካችው።

ፍላሹ ገና ከመሰካቱ የዓለሙ ቀይ ጋሻ እንደ እብድ ጮኸ። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ፍላሹ በሙሉ የተበከለ ነው፣ ሁሉም ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሰይ! የሻሺቱ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። በሽማግሌ ፊት፣ በሣር ፊት፣ ማን ቆሻሻ እንደሆነ ማሽኑ ራሱ መሰከረላት። ጣቷን «ይጥፋ» የሚለው ላይ ልታሳርፍ ወደ ማውሱ ላከች።

«እትዬ ሻሺቱ» አለ ኦይታ ከኋላዋ፣ ቀስ ብሎ። «ዘፈኖቹ ይጥፉ። የጋሽ ታምሩ ብቻ አይጥፋ፤ ሾፌሮቹ ይጣሉኛል።»

ጣቷ ቆመ። «የምን ታምሩ?»

«የካምባው ጨዋታ ነዋ። ጭቃው። ራሱ ነው የሰጠኝ፤ ‹ኦይታ፣ ይሄን ሾፌሮቹ ይስሙት፣ እንቅልፍ ያባርራል› ብሎ። አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገድ ላይ ይሰሙታል። ሁሉም ጋ አለ።»

ሻሺቱ ዘወር ብላ አየችው። ይህን ሰው በፍላሹ ስትሰድበው፣ ከበር ስታባርረው፣ የእሷን ታምሩ ኪሱ ውስጥ ከአፈርና ከቁልፍ ጋር ይዞት ነበር የሚዞረው። እሷ ታምሩን በዳንቴል ሸፍና፣ ሦስት ዘበኛ አቁማለት አጣችው።

ቀዩ ጋሻ አሁንም ይጮኻል፤ ይጥፋ ወይ? ይጥፋ ወይ? «ዝም በል፣ አንተ የተሰረቀ!» አለችና ጋሻውን ራሱን አጠፋችው። በአንድ ጣት ብቻ፣ ከዘፈኖቹ መሀል ፈለገችው። አገኘችው። ከፈተችው።

«...ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አየችኝ!» አለ ታምሩ፣ በዚያ በሚያውቁት ጎርናና ድምፁ። «ንቃኛለች! ታዲያ የናቁት ያስረግዛል አይደል የሚባለው? ይኸው ምኞት!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የዚያን ጊዜው ቤትም፣ ያሁኑም። አቶ ዳልጮ ሣሩን እንደያዙ ጉልበታቸውን መቱ። ከሳቁም መሀል የሻሺቱ ድምፅ «ዝም በል፣ አንተ ጭቃ!» አለ።

ሻሺቱ ግን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በኦይታ ፊት፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ጎረቤት እያየ። ፊቷን እንኳ አልሸፈነችም። ጨዋታው ሲያልቅ እንደገና ከፈተችው።

ኦይታ እጁን ወደ ፍላሹ ዘርግቶ መልሶ አጠፈው። እጁን ወደ ፍላሹ ዘርግቶ መልሶ አጠፈው።

«የት ነው የምትሄደው?» አለችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ፍላሹ ከዚህ አይነቀልም፤ ለሾፌሮችህ ሌላ ፈልግ። ነገ መስቀል ነው፤ ምሳ እዚህ ነው የምትበላው።» ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ አየችው። «ግን አንተ ጭቃ፣ መጀመሪያ ታጥበህ ና።»